የኦንላይን ጌም ምስል ሲበላሽ፦ ከጎጃም ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የጥያቄና መልስ አምዳችን የሚያስተናግደው ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከሞጣ የተላኩልንን ደብዳቤዎች ነው። ሁሉም በኢንተርኔት የሚጫወቷቸውን የኮምፒውተር ጌሞች ምስል የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ «ጥገና ቤት ብወስደው ፎርማት ይደረግ አሉኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር አግኝተናል። ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ለአንዳንድ ብልሽት መፍትሔ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች ከምንመለከታቸው ችግሮች መካከል የግድ ፎርማት የሚያስፈልገው አንድም የለም፤ እንዲያውም አንዱ የመጣው ከፎርማቱ በኋላ ነው። የሚንቀራፈፍ ምስል፣ የሚዘል ምስል፣ በመሐሉ የሚቆረጥ ምስልና ቀለም የሚረጭበት ምስል የየራሳቸው ምክንያት ስላላቸው፣ ጠያቂዎቻችን የምስሉን አበላሸት በዝርዝር ጽፈው መላካቸው እጅግ ረድቶናል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ላፕቶፕ አለኝ። ዶታ 2 ስጫወት መጀመሪያ ላይ ደኅና ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየሁ በኋላ ግን ምስሉ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ ሁለቱ ቡድኖች ሲጋጠሙማ ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ጓደኞቼ «ግራፊክስ ካርድ ግዛለት» ይሉኛል። ይገጠምለታል ወይ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ። በዚህ ላፕቶፕ ውስጥ እንደ ዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ቦታ የለም። ምስሉን የሚሥለው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 520 ነው። በመሆኑም ገንዘብዎን ለካርድ ከማሰብ ይልቅ፣ ያለው ግራፊክስ አቅሙን እንዳይጠቀም የሚያደርጉትን ሁለት ነገሮች ማስወገድ ይሻላል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ የሁለቱም ምልክት አለ።

አንደኛው ሙቀት ነው። መጀመሪያ ደኅና ሆኖ ቆየት ሲል የሚንቀራፈፍ ጌም፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የሚያስጠረጥረው ሙቀትን ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእርስዎ ዓይነቱ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ እንዲደርስ የተወሰነ ነው። ይህን በዓይንዎ ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱና «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይመልከቱ። ጌሙን እንደጀመሩ የሚታየውን ቁጥር መዝግበው ያስቀምጡ፤ መንቀራፈፉ ሲጀምር ደግሞ ተመልሰው ይዩት። ቁጥሩ በግልጽ ወርዶ እዚያው ከቆየ ጥፋቱ የጌሙም የዊንዶውሱም አይደለም።

ስለ ከተማዎም አንድ ነገር ማንሣት ይገባናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ስስ ስለሆነ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ኤችፒ ላፕቶፖቹ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ አድርጎ ስለሚያመርታቸው ይህ ብቻውን ማሽኑን አይጎዳውም፤ የደጋው ብርድም የጎደለውን በከፊል ይክሰዋል። ነገር ግን በአዋሳ ወይም በድሬዳዋ ብዙም የማያስቸግር የአቧራ ክምችት በደጋ ከተማ ቶሎ እንዲታወቅ ያደርገዋል ብለን እናምናለን። አልጋ ላይ ሆነው ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱ ከሆነም፣ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ያለው ከሥሩ ስለሆነ ጋቢው ያፍነዋል።

አቧራውን ከውጭ ማየት አይቻልም። የተከማቸው ፋኑ አየሩን በሚገፋበት በኩል፣ በስሱ በተደረደሩት የብረት ቅጠሎች መግቢያ ላይ ነው፤ የበጋ አቧራና የልብስ ብናኝ አብረው ተጠቅጥቀው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። በውጭ በኩል እፍ ማለት ይህን ንብብር ወደ ውስጥ ከመመለስ በቀር አይጠቅምም። የታችኛው ክዳን በብሎን የተያዘ ስለሆነ ጥገና ቤት ከፍተው እንዲያጸዱልዎ ይጠይቁ፤ በሚነፉበት ጊዜ ፋኑ በጣት ተይዞ እንዲቆም፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ደርቆ የተሰነጠቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባትም እንዲቀየር ያሳስቧቸው። ጥገና ቤት ከሄዱ አይቀር የሚያስፈልግዎት ይህ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚሠራበትን መረጃ የሚያኖርበት ማኅደረ ትውስታ፣ ነው። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው ከኮምፒውተሩ ራም እየተበደረ ይሠራል፤ ስለዚህ ከራሙ መጠን ባልተናነሰ የራሙ መንገድ ስፋት ወሳኝ ነው። በታስክ ማኔጀር «ሜሞሪ» የሚለውን ሲከፍቱ «ስሎትስ ዩዝድ» ከሚለው አጠገብ «1 ከ2» የሚል ትርጉም ያለው ቁጥር ካዩ፣ ያለዎት አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ነው ማለት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በሬው የቱንም ያህል ቢጠነክር ካልተቀናጀ እንደማያርስ ሁሉ፣ ሁለተኛውን ቦታ የሚሞላ ተመሳሳይ ራም ሲጨመር ሁለቱ በአንድነት ይጎትታሉ። በዚህ ላፕቶፕ የሚገባው ባለ 2133 ዲዲአር4 ራም ለብቻው በሰከንድ 17 ጊጋባይት ገደማ ሲያስተላልፍ፣ ሁለት ሲሆን ወደ 34 ጊጋባይት ከፍ ይላል። ይህ በወረቀት ላይ የሚሰላ ጣሪያ ስለሆነ ጌሙ በእጥፍ ይፈጥናል ማለት አይደለም፤ ቡድኖቹ ሲጋጠሙ የሚደርሰውን መንቀራፈፍ ግን በግልጽ ያለዝበዋል። ሲገዙ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፤ የቀደመው ትውልድ ዲዲአር3 ቢሰጥዎት አይገባም።

ጽዳቱና ራሙ እስኪሟሉ ድረስ ከጌሙ ሴቲንግ የጥላውን ጥራት ያጥፉ፣ ጌሙ የሚሣልበትን የጥራት መቶኛ የሚያሳየውንም ማንሸራተቻ ዝቅ ያድርጉ። አንድ ምስል በ1920 በ1080 ሲሣል 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ በ1280 በ720 ሲሆን 921,600 ብቻ ናቸው። ለግራፊክሱ ከግማሽ በላይ ሥራ ቀለለለት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ካውንተር ስትራይክ 2 በዋይፋይ እጫወታለሁ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ጀርባ የነበረ ተጋጣሚ ድንገት ፊቴ ላይ ይገኛል። እኔም ወደ ፊት ከሄድኩ በኋላ ተጎትቼ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ማታ ማታ ይብሳል። ግራፊክሱን ዝቅ ባደርገው ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሻልም፤ የእርስዎ ችግር የግራፊክስ አይደለም። የግራፊክስ አቅም ሲያንስ ሁሉም ነገር፣ የራስዎ የእጅ እንቅስቃሴ ጭምር፣ አብሮ ይንቀራፈፋል። የእርስዎ ምስል ግን ጥርት ብሎ እየታየ ሰዎቹ ብቻ ይዘላሉ፤ ይህ ከሰርቨሩ (ጌሙን ለሁሉም ተጫዋቾች ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር) የሚመጣው መረጃ መዘግየቱን ወይም በመንገድ ላይ መጥፋቱን ያመለክታል። ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ሳይጠቀሙ በራስዎ ኮምፒውተር ከቦቶች (ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች) ጋር አንድ ዙር ይጫወቱ። መዝለሉ ከጠፋ ጉዳዩ አለቀ።

ከኔትወርኩ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚቻል ማወቅ ደግሞ ከከንቱ ድካም ያድናል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መሥመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ደርሶ ለመመለስ ብቻ ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ገመዱ ግን በቀጥታ አይሄድም፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት በጎረቤት አገር በኩል፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ወጥቶ ከባሕር ሥር ገመድ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሆነ ፒንግ (መረጃ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ቢያዩ ኮምፒውተርዎን አይውቀሱት።

የተረጋጋ 130 ፒንግ ከ60 ወደ 300 ከሚወጣና ከሚወርድ ፒንግ እጅግ ይሻላል፤ ጌሙ የተረጋጋውን መዘግየት አስቀድሞ ሊያካክሰው ይችላል። ለመረጋጋት ደግሞ በዋይፋይ ፋንታ ገመድ ይጠቀሙ። ገመድ ካልተቻለ ወደ ራውተሩ ይጠጉ። በሚጫወቱበት ሰዓት የዊንዶውስና የስቲም (ጌሙ የሚወርድበት ፕሮግራም) ማዘመኛ እንዳይወርድ ያስቁሙ። በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ግጥሚያ ሲፈለግ ተቀባይነት ያለውን ከፍተኛውን ፒንግ መወሰኛም አለ። የማታው ግን በአመዛኙ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠቀም የሚመጣ መጨናነቅ ስለሚሆን፣ ሰዓት ከመቀየር ሌላ ብዙ የሚያደርጉት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ካስፎረማትኩ ወዲህ በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ተልቆና ተለጥጦ ይታያል። በፊት የምጫወተው ጌም አሁን አልከፈትም አለ። (ከቡሬ)

መልስ፦ በመግቢያችን የጠቀስነው የፎርማት መዘዝ ይህ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የግራፊክሱን ድራይቨር፣ ማለትም ግራፊክሱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ካላገኘ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በተባለ ጊዜያዊ ድራይቨር ይተካዋል፤ ይህ ጽሑፍ ለማንበብ እንጂ ጌም ለመጫወት አይሆንም። ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተው «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር ይህን ስም ካዩ ችግሩ ታውቋል።

ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አስገብተው ያውርዱ። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ከሆነ የተሻለ መሥመር ባለበት ቦታ በፍላሽ ይዘው መምጣት ይቻላል። ድራይቨር ሁሉ በአንድ ላይ አለበት እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ግን አይጫኑ፤ ስሙ የማይታወቅ ሌላ ፕሮግራም ይዞ ሊገባ ይችላል፣ የሚጭነውም ድራይቨር ብዙ ጊዜ የእርስዎን ማሽን አይመጥንም። ላፕቶፕዎ ሁለት ግራፊክስ ያለው ከሆነ፣ ማለትም ከኢንቴሉ በተጨማሪ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ካርድ ካለው፣ መጀመሪያ የኢንቴሉን ቀጥሎ ሌላውን ይጫኑ። ከዚያም በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» የሚሉትን ተከትለው ጌሙን ይምረጡና ከፍተኛ አቅም የሚለውን ያዙለት። ይህ ካልተደረገ ጠንካራው ካርድ ተቀምጦ ደካማው ሊሠራ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዘው ለዓመታት በደካማው የተጫወቱ ሰዎች እናውቃለን።

ጥያቄ፦ ትንሽ የጌም ቤት አለኝ። ከአንድ ሻጭ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ባለ 4 ጊጋባይት ነው የተባለ ግራፊክስ ካርድ ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ቀላል ጌሞች ይሠራሉ። ትልልቆቹን ስከፍት ግን ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ በአረንጓዴና በሮዝ ነጠብጣብ ይሞላና ጌሙ ይዘጋል። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ያወረድኩትን ድራይቨር ስጭንበት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ሻጩ በፍላሽ የሰጠኝን ስጭን ይሠራል። ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው ወይስ የመብራቱ? መብራት ከፍ ዝቅ ይላል። (የጌም ቤት ባለቤት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ከመብራቱም ከድራይቨሩም ይልቅ የሚያሳስበን ካርዱ ራሱ ነው። ያሉንን ምልክቶች አንድ ላይ ስናያቸው፣ የተሸጠልዎ ካርድ ስሙ የተቀየረ አሮጌ ካርድ ሳይሆን አይቀርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የወጡ እንደ ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ያሉ ካርዶች ተሰብስበው፣ በውስጣቸው ያለው ባዮስ (የካርዱን ማንነት የሚናገረው መነሻ ፕሮግራም) ይቀየርና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነን ብለው ለዊንዶውስ እንዲናገሩ ይደረጋል። ዊንዶውስ የተነገረውን ስም ስለሚያምን ዲቫይስ ማኔጀር ላይም ይኸው ስም ይነበባል። የማኅደረ ትውስታው መጠንም እንዲሁ በሐሰት ይጻፋል። በካርዱ ላይ በእውነት ያለው 1 ጊጋባይት ሆኖ 4 ነው ስለሚል፣ ትልቅ ጌም ከ1 ጊጋባይት በላይ ሲጠቀም መረጃው የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ነጠብጣቡ የሚመጣውና ጌሙ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው። ቀላል ጌሞች የሚሠሩልዎትም ከዚያ መጠን ስለማያልፉ ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር ደግሞ ካርዱን በስሙ አምኖ እንደ 1050 ቲአይ ሊያሠራው ሲሞክር ውስጡ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ሻጩ የሰጠዎት ድራይቨር የሚሠራው ለዚሁ ሲባል ተዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ማሽኑን ማብራት እንኳ አይጠይቅም። ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ይሂዱና የሞኒተሩ ገመድ በሚሰካበት በግራፊክስ ካርዱ ጫፍ ላይ ያሉትን ማስገቢያዎች ይመልከቱ። በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎች ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው የቪጂኤ ማስገቢያ ካርዱ ላይ ካለ፣ ካርዱ 1050 ቲአይ አይደለም፤ የዚህ ትውልድ ካርዶች በአናሎግ የሚወጣ ምስል ጨርሶ የላቸውም። በማዘርቦርዱ በኩል ያለውን የቪጂኤ ማስገቢያ ከካርዱ ጋር እንዳያምታቱት ብቻ ይጠንቀቁ፤ የካርዱ ማስገቢያዎች ከሌሎቹ ተለይተው በካርዱ ብረት ላይ የተደረደሩት ናቸው።

ሁለተኛው ማረጋገጫ በነጻ የሚገኘው ጂፒዩ ዚ የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶችን ለይቶ በስሙ ፊት የማስጠንቀቂያ ቃል ይጽፋል። እሱ ባያስጠነቅቅም እንኳ የኮሮቹን (በካርዱ ውስጥ ምስሉን የሚያሰሉትን ክፍሎች) ቁጥር ይመልከቱ፤ እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ሲኖሩት ከላይ የጠቀስናቸው አሮጌዎቹ 192 ብቻ ናቸው ያላቸው። ካርዱ ላይ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ መሰካቱ ግን ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። እውነተኛው ካርድ የሚፈልገው 75 ዋት ስለሆነ ከማዘርቦርዱ ብቻ ሊበቃው ይችላል፤ ሆኖም አንዳንድ አምራቾች ገመድ ጨምረው ሠርተውታል።

ስለ መብራቱ የጠየቁትን ችላ አላልነውም። ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ኮምፒውተሩ በድንገት ጠፍቶ እንዲነሣ ማድረግን ነው፤ ከባድ ጌም ሲከፈት ብቻ እየጠበቀ ቀለም የሚረጭ መብራት አይኖርም። ያም ሆኖ ለጌም ቤት ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ በርካታ ማሽኖችን በአንድ ዲቫይደር ላይ መደርደርም አደገኛ ስለሆነ መተው ይገባል።

ካርዱ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ምንም ሳይፈቱና ሳይነቅሉ የማስገቢያዎቹንና የጂፒዩ ዚን ገጽ ፎቶ አንሥተው ሻጩን ያነጋግሩ። ምናልባት ሻጩም ተታልሎ የገዛው ይሆናል፤ ይህ ግን የእርስዎን ገንዘብ የመመለስ ግዴታውን አያስቀርለትም ብለን እናምናለን። ባዮሱን ወደ ትክክለኛው መልሶ በ550 ቲአይነቱ የሚያሠራ ባለሙያ ቢገኝም፣ ለዚህ ትውልድ ኤንቪዲያ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ አዳዲሶቹን ጌሞች ለደንበኞችዎ ሊያቀርቡበት አይችሉም። ካርዱ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ግን የማኅደረ ትውስታው ቺፕ መጎዳቱን ወይም ካርዱ መጋሉን እንጠረጥራለን፤ ያን ጊዜ ካርዱን ነቅሎ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ነው። ነጠብጣቡ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ የካርዱ ነው፤ ካልሄደ ፓወር ሰፕላዩን ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ ሪዞሉሽኑን ከፍ ካደረግኩ በኋላ ጌሙ ሲከፈት ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ሞኒተርዎ የማይችለውን መጠን አዘውት ነው። ጌሙ ክፍት ሳለ ኦልትና ኢንተርን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ብዙ ጌሞች በትንሽ መስኮት ይከፈታሉ፣ ከዚያ መጠኑን መመለስ ይቻላል። ይህ ካልሠራ የጌሙን የምስል ሴቲንግ የያዘውን ፋይል ከፎልደሩ ውስጥ ያጥፉት፤ ጌሙ በሚቀጥለው ሲከፈት በራሱ መጠን አዲስ ይፈጥራል። ጥቁሩ በጌሙ ብቻ ሳይወሰን ዊንዶውሱንም ከያዘው፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የተባለውን ፊደል በአንድነት መጫን የግራፊክሱን ድራይቨር እንደ አዲስ ያስነሣዋል።

ጥያቄ፦ በጌሙ ውስጥ ፊቴን በፍጥነት ሳዞር ምስሉ በአግድም ተቆርጦ የላዩና የታቹ አይገጥምም። ካርዱ ሊሞት ነው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ካርዱ ደኅና ነው፤ እንዲያውም ከሞኒተሩ ፈጥኖብዎታል። ባለ 60 ኸርዝ ሞኒተር በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ምስል ከላይ ወደ ታች ይጽፋል። ካርዱ ሞኒተሩ ጽፎ ሳይጨርስ አዲስ ምስል ሲሰጠው የላዩ ከአሮጌው፣ የታቹ ከአዲሱ ይሆናል። በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ቪ ሲንክ የሚባለውን ማብራት መቆረጡን ያስቀረዋል፤ ክፍያው የማውስዎ ትእዛዝ በጥቂቱ መዘግየቱ ነው። ማሽንዎ በሰከንድ 60 ምስል ሳያቋርጥ ማድረስ የማይችል ከሆነ ግን ቪ ሲንኩ በአንዳንድ ጌሞች ወደ 30 ሊያወርደው ስለሚችል፣ አጥፍተውት መቆረጡን ቢታገሡት ይሻላል። የተኩስ ጌም ከሆነ እኛም ብንሆን የምናጠፋው ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ካውንተር ስትራይክ 2 እንዲጫወትበት የቆየ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6420 ሰጠሁት። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 2520 ኤም፣ ዊንዶውሱ 7 ነው። ጌሙ አልከፈት አለ። ጥገና ቤት አንዱ «ፎርማት»፣ ሌላው «ራም ይጨመርበት» ይላል። የማንን ልስማ? (ከሞጣ)

መልስ፦ እኅታችን፣ የሁለቱንም አይስሙ፤ ገንዘብዎ በከንቱ ይወጣል። ጌሙ የማይከፈትበት ምክንያት በሁለት በኩል ነው። ጌሙ የሚወርድበት ስቲም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በዊንዶውስ 7 ላይ መደገፉን አቁሟል። ይህኛውን ዊንዶውስ 10 በመጫን ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ግን አይታለፍም፦ ጌሙ ዳይሬክትኤክስ 11 (ጌሞች ግራፊክሱን የሚያዙበት የዊንዶውስ ሥርዓት) የሚችልና 1 ጊጋባይት ያለው ግራፊክስ ይጠይቃል፤ በዚህ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 3000 የሚደርሰው እስከ 10.1 ብቻ ነው። ይህ በቺፑ ውስጥ ያለ ወሰን ስለሆነ ድራይቨርም፣ ራምም፣ ፎርማትም አይቀይረውም። የዚሁ ላፕቶፕ አንዳንዶቹ ተጨማሪ የኤንቪዲያ ቺፕ ኖሯቸው ወጥተዋል፤ ያም ቢሆን 512 ሜጋባይት ብቻ ስላለው ለዚህ ጌም አይበቃውም።

ላፕቶፑ ለጽሑፍ ሥራና ለትምህርት ቪዲዮ ገና ያገለግላል፤ የቆዩና ቀለል ያሉ ጌሞችንም ያስኬዳል። ለወንድምዎ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ፣ ከሻጩ ንግግር ይልቅ በፕሮሰሰሩ ስም ውስጥ ከ«አይ5» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። የወንድምዎ በ2 የሚጀምር፣ ማለትም የሁለተኛው ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ ድጋፍ ስላበቃለትና ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ፣ በ8፣ በ9 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቁጥር (ለምሳሌ በ10 ወይም በ11) የሚጀምረውን ይምረጡ። ራሙ በሁለቱም ቦታ የተሞላ፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሁን። ወንድምዎም አብሮዎት ይሂድና ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት ጌሙን እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወትበት፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሱቅ እለፉ።